አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚቋረጥ ስልክ

መንገዱም ረዘመ፣ ጭነቱም ከበደኝ፣
ደጅሽን ሳላየው…

እዚህ ላይ ትቆማለች። ከዚህ ወዲያ ያለው ቃል ከአእምሮዋ ወጥቷል፤ ዜማው ግን አልወጣም። ስለዚህ ከንፈሯን ገጥማ «ም… ም… ም…» እያለች ትሄድበትና መጨረሻው ላይ ስትደርስ «…ደኝ» ብላ ትዘጋዋለች። ከስንኙ የቀረላት ቤት መምቻው ብቻ ነው። መርፌዋ ጨርቁን በስቶ ሲገባ ዜማው አብሮ ይገባል፤ ክሩ ተስቦ ሲወጣ ዜማው አብሮ ይወጣል።

«አንቺ ሴት፣ ወይ ጨርሺው ወይ ተይው!» ይላታል አጠገቧ የሚሠራው ጫማ ሰፊ። «ዘፈኑን እንደተበላሸ ዚፕ መሃል ላይ እያስቀረሽ እኔን መዶሻዬን ጣቴ ላይ አሳረፍሽኝ።»

«የባለቤቴ ዘፈን ነው። ሲመጣ እሱ ይጨርሰዋል።»

«እሱማ መጥቶ እስኪጨርሰው እኔ ጣት አይተርፈኝም።»

ሰፈሩ «እትዬ ዚፕ» ይላታል። ከአሮጌው ፎቅ ደረጃ ስር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ጉልበት ለጉልበት በሚነካካበት ጥግ፣ የተንሸራተተ ዚፕ ታቀናለች፤ የወለቀ ቁልፍ ትተክላለች። ፊት ለፊቷ የብስኩት ጣሳ አለ። በውስጡ ከአሮጌ ጃኬትና ከአሮጌ ቦርሳ የተነቀሉ የዚፕ ራሶች ተጠራቅመዋል። የሰው ሱሪ አይታ የትኛው ራስ እንደሚገጥመው ለማወቅ ጣሳው ውስጥ ጣቷን ሰዳ ታማስላለች፤ የሚስማማውን ስታገኝ ፊቷ ላይ የሚበራው ፈገግታ የሠራችበትን ዋጋ ያስረሳል። ከላይ ሰው ደረጃውን ሲወርድ አቧራው ፀጉሯ ላይ ይዘንባል። እሷ ግን ቀና ብላ ሳታይ፣ ከእግሩ ድምፅ ብቻ፣ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ወይም «ምነው ልጄ፣ ዛሬ አኮረፍሽ?» ትላለች።

ባለቤቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጓደኞቹ «ጋሽ ፍሬን» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ድመት መንገድ ለማቋረጥ ስታስብ ገና ከሩቅ ፍሬን የሚይዝ ሰው ስለሆነ። «ጋሽ ፍሬን ዛሬ ከተነሳ ከነገ ወዲያ እንቀበለዋለን» እያሉ ይሳለቁበታል። እሱ አይናደድም። «እኔ የማደርሰው ዕቃውን ብቻ መሰላችሁ? ራሴንም ነው። ቤት የምትጠብቀኝ ሰው አለች» ይላቸዋል።

የምትጠብቀውም እውነት ነው። በተጋቡ ሰሞን መኪናው ሩቅ አገር ላይ ተበላሽቶበት ሳይመጣ አደረ። እሷ እራቱን አቅርባ፣ ክዳኑን ከድና፣ ደጁን እያየች ነጋባት። እሱ ሳይቀርብ እህል አልወርድላት አለ። በማግስቱም ጦሟን ሥራ ዋለች፤ ወደ ማታ ላይ ከበርጩማዋ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውሃ ረጭቶ ያነሳት ይኸው ጫማ ሰፊ ነበር። ሹፌሩ ሲመለስ ነገሩን ሰማና መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ እንባው መጣ፣ ከዚያ እንደ ሹፌር አሰበ።

«ስሚ። ከዛሬ ጀምሮ የማድርበት ቦታ ስደርስ አንዴ እደውልና አቋርጣለሁ። አታንሺው። ደርሻለሁ፣ ብይ ማለት ነው።»

«ካነሳሁትስ?»

«ካነሳሽውማ ሒሳብ ይቆጥራል! በፍቅር ልንከስር ነው እንዴ?»

ከዚያን ቀን ወዲህ እራቷን የምትበላው ስልኳ አንዴ ጠርቶ ሲቋረጥ ነው። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውምና እቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ያ ስልክ ብቻ ነበር። አመሻሹ ላይ ድስቱ ወጥቶ፣ ዳቦው ተቆርጦ፣ እሷ አጠገቡ ቆማ ታንጎራጉራለች። ስልኩ «ጥሪሪ!» ብሎ ዝም ይላል። እሷም «እንኳን ደረስክ» ብላ ወንበሯን ስባ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ የምትጎርሰው ጉርሻ፣ ሹፌሩ በየትኛው ተራራ ግርጌ እንዳለ ባታውቅም፣ አብረው የሚጎርሱት ይመስላት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ስኳር ጭኖ ሄደ። ሲራገፍ ጆንያ ጎደለ ተባለ፤ የጎደለው በማን እጅ ነው ሲባል ጣት ሁሉ ወደ ሹፌሩ ተቀሰረ። ወሰዱት።

የዚያን ዕለት ማታ ድስቱ አጠገብ ቆማ አላንጎራጎረችም። ስልኩ አንዴ ጠራና ተቋረጠ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ግን ማን እንዲህ ይደውላል? ከርሱ በቀር ማን አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል? እንባዋ ከሾርባው ጋር እየተቀላቀለ በላች። በማግስቱም ጠራ። በሦስተኛውም። ኋላ ስትጠይቀው እንደነገራት፣ እስረኛው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ለተሰቀለው ስልክ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ ከሚስቱ ከእናቱ ጋር የሆድ የሆዱን ያወራል። ጋሽ ፍሬን ግን ያን ሁሉ ሰልፍ ቆሞ፣ ቁጥሩን መትቶ፣ አንዴ ሲጠራ ይዘጋና ወደ አልጋው ይመለሳል። እስረኞቹ «ይሄ ሰውዬ እዚህም ፍሬን ይይዛል!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁበታል። እሱ ደግሞ በልቡ ይኮራል። ሌላው ገንዘቡን በወሬ ሲጨርስ እሱ በነፃ ሚስቱን እራት ያበላል።

በነፃ አለመሆኑን የነገራቸው አልነበረም።

የአልጋውንና የምግቡንማ ነግረዋታል። ገና መጀመሪያ ልትጠይቀው የሄደች ዕለት አንድ ፖሊስ ወረቀት እያየ፣ የሚያድርበት አልጋ በአዳር፣ የሚበላው በቀን እንደሚታሰብ ነገራት።

«ሳይወድ የተኛበትን አልጋ ነው የሚከፍለው?»

«ደንቡ ነው፣ እናቴ።»

«ከኔ ዘንድ አልጋ አለው እኮ። እሱን ላምጣለት?»

ፖሊሱ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ስትመለስ ነገሩን ለጫማ ሰፊው አጫወተችው። መዶሻውን አስቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየና «ሆቴል እንኳ ቢሆን ቁልፉን ለእንግዳው ይሰጣል» አለ።

እትዬ ዚፕ የስፌት መኪናዋን ሸጠች። ጠንካራ ጨርቅ ሲመጣ ጣቷ እስኪደማ በእጇ ትሰፋ ጀመር። ያ ዘፈንም የመጣባት ያኔ ነው። የስፌት መኪናዋ እያለ ድምፁ ዜማ አያስወጣም ነበር፤ አሁን ጥጉ ፀጥ ሲል ሹፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ በአቀበት ላይ የሚያንጎራጉረው ግጥም ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ አፏ ላይ ይገኛል። ግማሹ ብቻ። የቀረውን ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር፣ የመጠየቂያው ሰዓት ስለ አልጋና ስለ ምግብ ሲወራ ያልቅና ትረሳዋለች።

ጆንያዎቹ ተገኙ። መጋዘኑ ውስጥ ከሌላ ዕቃ ጀርባ ተደርድረው፣ የተሳሳተው ቆጣሪው ነበር። ዳኛው «ይሂድ» አሉ። እንዲህ በአንዲት ቃል። እትዬ ዚፕ ከችሎቱ ስትወጣ ደረጃውን በመቀመጫዋ ብትወርደው ደስ ባላት፤ እንደ ልጅ ሆነች።

በማግስቱ ጠዋት የሹፌሩን ጃኬት በእጇ ይዛ እስር ቤቱ ደጅ ደረሰች። የጃኬቱ ዚፕ እሱ ከታሰረ ወዲህ አዲስ የተተከለ ነው። ከጣሳዋ ውስጥ ካሉት ራሶች ሁሉ የሚያምረውን፣ የነሐስ ቀለም ያለውን፣ ለማንም ሳትሰጠው ያስቀመጠችውን ነበር የመረጠችለት። በመቀነቷ የቋጠረችውን የአልጋና የምግብ ገንዘብ ፈታች፤ የስፌት መኪናዋ፣ የሹፌር ጓደኞቹ መዋጮ፣ የጫማ ሰፊው ብድር ሁሉ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ነበር። በገንዘብ መክፈያው መስኮት ቀዳዳ አስገባችው። ገንዘብ ተቀባይዋ ጉንፋን የያዛት ወጣት ሴት ናት። ቆጠረች፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ኮምፒዩተሩን አየች።

«የስልኩስ?»

«የምን ስልክ?»

«በየምሽቱ ደውለዋል ይላል።»

«አዎ፣ ይደውላል። አያወራም ግን።»

«ደውለዋል አይደል፣ እማማ?»

«ሚስኮል ነው፣ የኔ ልጅ! አንዴ ጠርቶ ይዘጋዋል። እኔም አንስቼው አላውቅም። ይኸው ስልኬን እዪው።» ስልኳን በቀዳዳው ልታሾልክ ሞከረች።

ገንዘብ ተቀባይዋ ስልኩን በእርጋታ ወደ ውጪ ገፋችው። «የዚህ ግቢ ስልክ እንደ ውጪው አይደለም። ቁጥር ተመትቶ አንዴ ከጠራ፣ ተነሳ አልተነሳ፣ የመነሻውን ሒሳብ ይቆርጣል። ከባዱ ደግሞ መነሻው ነው። ቢያወሩበት ኖሮ ብዙም አይጨምርም ነበር።»

እትዬ ዚፕ ክው አለች። ቢያወሩበት ኖሮ። ያን ሁሉ ምሽት ድምፁን ልትሰማ ትችል ነበር። «እንዴት ዋልሽ» ሊላት፣ «ምን ሠራሽ» ሊላት፣ የዘፈኑን መጨረሻ ሊነግራት ይችል ነበር።

«ዝም ያልንበትን ነው የምታስከፍሉን?»

«እኔ አይደለሁም፣ እናቴ። ማሽኑ ነው።»

«እንግዲያው ማሽኑን አገናኚኝ።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሷ ያለችው ለቀልድ አልነበረም። «ዳኛው ለቀውታል እኮ» አለች ድምፅዋ ሰልሎ።

«አውቃለሁ። ዳኛው ለቀዋቸዋል። ያልለቀቃቸው ሒሳቡ ነው።»

«ይኼን ተቀበይኝና እሱ ይውጣ፤ ቀሪውን ቁጭ ብዬ ሰፍቼ አመጣለሁ።»

«ሳይሞላ ሰው አይወጣም።» ልጅቷ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች። «ምክሬን ከሰሙኝ ዛሬውኑ ይሙሉት። ካደሩ የዛሬው አልጋ ይጨመራል። እባክዎ ስልኩንም ይተዉት ይበሏቸው። እያንዳንዱ ጥሪ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋቸው።»

ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ እትዬ ዚፕ የምትቆጣው ሰው ታገኝ ነበር። የሚቆጡት ሰው ማጣት እንዴት ያለ ብቸኝነት ነው! የተመለሰላትን ገንዘብ ቋጠረችና፣ መጠየቂያ ሰዓት ስለነበር፣ በሽቦ ወደተከፈለው የመጠየቂያ ክፍል ገባች።

ሹፌሩ ተላጭቶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ልብሱን በፌስታል ይዞ ቆሟል። በወንፊቱ ሽቦ በኩል ሲያያት ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«አንቺ! ዚፑ ተሠራ እንዴ? አሳዪኝ እስቲ።»

ጃኬቱን ከፍ አድርጋ ዚፑን ወደ ላይ ሳበችው። ሳይንገጫገጭ ወጣ። ወደ ታች ሳበችው። ሳይንገጫገጭ ወረደ።

«ቅቤ!» አለ ሹፌሩ። «በይ አምጪው ልልበሰው።»

እንዴት ይነገራል? ሌላውን ሁሉ ወስደውበት ሲያበቁ ለሚስቱ የሚሰጠው አንዲት ጥሪ ብቻ ቀርታለት ነበር። በሩን የቆለፈው ያቺው ጥሪ ናት ብላ በየትኛው አፏ ትነግረዋለች? ሌላ ምክንያት ልትፈጥር አሰበች። ግን አመሻሹ ላይ ተሰልፎ ደግሞ ሊደውል ነው። ነገረችው። ገንዘብ ተቀባይዋ እንዳለችው፣ ቃል ሳትጨምር።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ። ጣቱን ሽቦው ላይ አመላለሰ።

«እኔው ነኛ የቆለፍኩት» አለ በመጨረሻ። «በገዛ እጄ። እየተሰለፍኩ።»

«አላወቅንማ። ማን ነገረን?»

«ስቀውብኛል እኮ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ…» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ቀና ብሎ የጠየቃት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ታዲያ እራትሽን በምን ትበያለሽ?»

«እበላለሁ። ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«አትበይም። አውቅሻለሁ። ትወድቂያለሽ።» ግንባሩን ሽቦው ላይ አስደግፎ አሰበ፤ ድሮም እንዲህ ነበር የሚያስበው፤ መሪው ላይ ተደግፎ። «ቆይ፣ አገኘሁት። ከክፍላችን መስኮት የመንገዱ መብራት ይታየኛል። የከተማው መብራት እንደሆነ በአንድ ጊዜ ነው የሚበራው። እዚህ ሲበራ እዚያም በራችን ላይ ይበራል። ሲበራ ደርሻለሁ ማለት ነው። ብይ። ለዚህ እንኳ ሒሳብ የለውም!»

ፊቱ በራ። እትዬ ዚፕ አየችው። በራቸው ላይ ያለው መብራት ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የሚቀይረው ጠፍቶ ምሰሶው በጨለማ ቆሞ ይኖራል። እሱም ያውቅ ነበር፤ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ «ይሄ የታወረ መብራት!» እያለ ይሰድበው ነበር። ደስታው አስረስቶታል።

«እሺ» አለች። «ሲበራ እበላለሁ።»

ሰዓቱ አለቀ። ጃኬቱን እንኳ ልትሰጠው አልቻለችም፤ ከውጪ ዕቃ ማስገባትም የራሱ ክፍያ አለው አሏት። በሩን ከወጣች በኋላ ነው የዘፈኑን መጨረሻ ዛሬም አለመጠየቋ ትዝ ያላት።

ከዚያ ብድር ልትጠይቅ ወደ ጭነት መኪናው ባለቤት ቢሮ ሄደች። ፀሐፊዋ «ጌታው የሉም» አለቻት። ከውስጠኛው በር ጀርባ ጌታው «እህ፣ እህ» ብለው ሳሉ። ፀሐፊዋና እትዬ ዚፕ ተያዩ። «ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» አለች ፀሐፊዋ ዓይኗን ሰብራ። ጌታው እንደገና ሳሉ።

ጫማ ሰፊው ታሪኩን ሲሰማ ቆሞ ኪሱን ሁሉ ገለበጠ። ያለው ተደምሮ አልሞላም። «መዶሻዬን የሚገዛ ካለ…» አለ። «ተወው» አለችው፤ «አንተም ልትታሰርብኝ ነው?» የዛሬው አልጋ እንደሚጨመር ሁለቱም አስበውታል። ነገ ያገኘችውን ይዛ ብትሄድ ሒሳቡ አንድ እርምጃ ቀድሟት ይጠብቃታል። ከነገ ወዲያም። መሬቱ ከእግሯ ስር እየሸሸ የሚያስሮጣት መሰላት። ጫማ ሰፊው ወደ እሷ ዞረ።

«እስቲ ያችን ዘፈንሽን በያት» አላት።

አልዘፈነችም።

አመሻሽቶ ቤት ገባች። ድንቹን ቀቀለች፤ ዳቦውን ቆረጠች፤ ጨው አወጣች። ጃኬቱን ለሌላኛው ወንበር መደገፊያ አለበሰችው። በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። ከወዲያ ማዶ፣ ከትልቁ መንገድ በኩል፣ መብራቶቹ ተራ በተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ቦግ አሉ። እውነቱን ነበር። አሁን እሱም መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ያያል፤ «በላች» እያለ ነው። በሯ ላይ ያለው ምሰሶ ግን እንደ ጨለመ ቀረ። «በርቷል፣ በርቷል» አለች ለራሷ። ገብታ ወንበሩን ነካችው። አልተቀመጠችም። ድንቹ በረደ። እንደገና ወጥታ ምሰሶውን አየች፤ እንደገና ገባች። ጭንቅላቷ ላይ ያ የድሮው ቀላል መዞር ሲጀምራት ታወቃት።

ስልኩ ጠራ።

አንዴ። ተቋረጠ።

እትዬ ዚፕ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀረች። «ምነው! ምነው አንተ ሰው!» አለች ጮክ ብላ። «አልነገርኩህም? አልነገርኩህም ወይ?» ያቺ አንዲት ጥሪ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገፋችው ታውቃለች። እሱም እየተሰለፈ ያውቅ ነበር። ታዲያ ምን ነካው? ከዚያ ዓይኗ በተከፈተው በር ወደ ጨለማው ምሰሶ ሄደ፤ ገባትም። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ መብራቱን ሲያይ፣ የራሳቸው መብራት የታወረ መሆኑ ትዝ ብሎታል። እሷ ደፍ ላይ ቆማ እንደምትጠብቅ ታይቶታል። ወጥቶ ተሰልፏል።

ሳቅ መጣባት፤ ከሳቁ ውስጥ እንባ ወጣ፤ ሁለቱን መለየት አልቻለችም። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ስድቡ አልመጣላት አለ። መልሳ ደውላ እንዳትነግረው ያ ስልክ ከውጪ አይቀበልም። ልትመልሰው የምትችለው ጥሪ አይደለም፤ ተቆርጧል፤ ተቆጥሯል። ነገ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ጉንፋን የያዛት ልጅ ትነግራታለች።

በሩን ዘጋች። እጇን ታጠበች። ወንበሯን ስባ፣ ከጃኬቱ ትይዩ፣ ተቀመጠች። የተከፈለበት እራት ነው። የበረደውን ድንች በጨው ነካ አድርጋ ጎረሰች፤ ዳቦውን አስከተለች፤ ፍርፋሪ እንኳ ሳታስቀር ቀስ ብላ በላች።